ጥርሳችን ላይ የቀረው እርሾ

አያቴ በሰባ ምናምን ዓመቷ ቆሎ ትቆረጥም ነበር። ሽምብራው ሳይቀር። የኖረችው ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ፣ ገጠር ነው። ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ትቀመጥና የወይራ ቀንበጥ ጫፉን እያኘከች ታለሰልሳለች። ጫፉ ተበጣጥሶ እንደ ጭራ ሲሆንላት መፋቅ ትጀምራለች። አትቸኩልም። ከብቶቹ ከበረት ወጥተው እስኪያልቁ ትፍቃለች። መንጋጋዋ ድረስ፣ በውስጥ በኩል ሁሉ። ድዷ የተነቀሰ ነው። ስትስቅ በዚያ ጥቁር ድድ መሃል ጥርሷ ወተት ይመስላል።

እኔ የልጅ ልጇ ያደግኩት በብሩሽና በጥርስ ሳሙና ነው። በ28 ዓመቴ አንድ መንጋጋ አስነቅያለሁ። ሁለት አስሞልቻለሁ።

ይሄ ነገር ብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል። ሰው «የድሮ ሰው ጥርስ ጠንካራ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጥርሱ ግን ያው ነው። የተለወጠው ጥርሱ የሚውልበት አፍ ነው። እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት ከጓዳ እንጀምር።

ጥርስን የሚበላው ትል ነው?

«ጥርሴን ትል በላው» እንላለን። የእምቧይ ፍሬ ፍም ላይ አድርገው አፋቸውን የሚታጠኑ ሰዎችም አሉ። ከታጠኑ በኋላ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ይታያል። «ይኸው፣ ትሉ ወጣ!» ይባላል። ያ ትል አይደለም። ዘሩ ሲሞቅ ፈንድቶ ከውስጡ የሚወጣ ቡቃያ ነው። ማንም አፉን ሳይከፍት ዘሩ ቢጤስም ያው «ትል» ይገኛል። ጥርስ ውስጥ የሚኖር ትል የለም።

ታዲያ ማነው የሚበላው? ሊጥ ሲቦካ አስቡ። ቡሃቃው ውስጥ ካለፈው የቀረ እርሾ አለ። እርሾው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ። ዱቄት ሲጨመርላቸው ይበላሉ፣ ይራባሉ፣ ሊጡ ይኮመጥጣል። ኩምጣጤው የነሱ ሥራ ነው።

አፋችን ውስጥም እርሾ አለ። ጠዋት ስንነሳ ጥርሳችንን በምላስ ስንዳስሰው የሚያሙለጨልጭ ነገር ይሰማናል። ሐኪሞች ፕላክ ይሉታል። ብዙ ሰው የምግብ ትርፍራፊ ይመስለዋል። በአብዛኛው ግን ጥርስ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ ስኳር ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ አሲድ ያመነጫል። ሊጡ ሲኮመጥጥ እንጀራ እናገኛለን። ጥርስ ላይ ሲኮመጥጥ የምናገኘው ቀዳዳ ነው።

የጥርስ የላይኛው ሽፋን ኢናሜል ይባላል። በሰውነታችን ውስጥ እንደሱ ጠንካራ ነገር የለም፤ አጥንት እንኳ አይደርስበትም። ድንጋይ የመሰለው ይህ ሽፋን ግን አሲድ አይችልም። የአሲድ ኃይል የሚለካው ፒኤች በሚባል ቁጥር ነው። ንጹሕ ውሃ 7 ነው። ቁጥሩ በወረደ ቁጥር ኮምጣጣነቱ ይጨምራል። አፋችን ውስጥ ወደ 5.5 ሲወርድ ከኢናሜሉ ላይ ካልሲየምና ፎስፌት እየሟሟ መውጣት ይጀምራል።

እንደዚያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም በአሥር ዓመታችን ጥርስ አይኖረንም ነበር። ምራቅ አለልን። ምራቅ አሲዱን ያጥባል፣ ኃይሉን ይሰብራል፣ የሄደውን ካልሲየም መልሶ ያስቀምጣል። ለዚህ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ገደማ። የእኛን ተዳፋት ማሳ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጎርፉ አፈር ይወስዳል፣ እርከኑ ያስቀራል። የሚሄደው ከሚቀረው ከበለጠ አንድ ቀን ቦረቦር ይወጣል። ሐኪሞችም «የጥርስ መቦርቦር» የሚሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ችግሩ ስኳር መብዛቱ ነው?

መብዛቱም ነው። ከመጠኑ በላይ የሚጎዳው ግን ድግግሞሹ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

አንዲት እናት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላ ሦስት ስኒ በስኳር ትጠጣለች እንበል። ሁሉም በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። አፏ አንድ ጊዜ ይኮመጥጣል። ከዚያ እስከ ምሳ ምራቋ ይሠራል። አሁን ደግሞ አንድ የባሕር ዳር ባጃጅ ሾፌር እንይ። ፊት ለፊቱ የለስላሳ ጠርሙስ አስቀምጧል። ተሳፋሪ ሲያወርድ አንዴ ይጎነጫል። መብራት ሲይዘው አንዴ ይጎነጫል። ከሰዓቱን ሙሉ። በስኳር መጠን ከእናትየው ብዙም ላይበልጥ ይችላል። ጥርሱ ግን ከሰዓቱን ሙሉ አሲድ ውስጥ ተነክሮ ዋለ። ምራቁ መልሶ ሊጠግን ሲል ሌላ ጉንጭ ይመጣል።

ቁጥሩም ቀላል አይደለም። አብዛኛው ለስላሳ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ገደማ ስኳር አለው። የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ ማለት ነው። ሻይ ላይ ያን ያህል ሲጨምር ያየነውን ሰው «ምነው በደህናህ?» እንለዋለን። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር ቢቻል ከ25 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። አንዱ ጠርሙስ ብቻ ያልፈዋል።

ጫት ላይ ደግሞ ነገሩ ይደራረባል። ጫቱ ይመራል፣ ስለዚህ በስኳር ወይም በለስላሳ ነው የሚወራረደው። አፍ ያደርቃል፣ ስለዚህ ምራቅ ያንሳል። እርሾው ተደላድሎ ይሠራል፣ ጠጋኙ የለም። ከዚያ ደግሞ ምራቅ ይበልጥ የሚቀንስበት ሌሊት ይመጣል።

ማርስ? ጎጃም ተቀምጦ ማርን ማማት ከባድ ነው። የቤታችን መድኃኒት ነው፣ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ እውነት ነው። የጥርሱ ባክቴሪያ ግን ማርና ስኳር አይለይም። ብርዝ ቀስ እያሉ ሲጠጡት ከለስላሳው ብዙ አይሻልም። አንዴ በልቶ ወይም ጠጥቶ ውሃ ማስከተል ነው። ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ብስኩትና ከረሜላ ከሁሉም ይብሳል፤ ስኳሩን እዚያው ይዞ ይቆያል።

አሁን ወደ አያቴ እንመለስ። ቤቷ ስኳር የሚገባው ለበዓል ነበር። ቡናውን በጨው ነበር የምትጠጣው። ለስላሳ የቀመሰችው ሠርግ ላይ ነው። የጥርሷ እርሾ ዕድሜውን ሙሉ ዱቄት ያጣ እርሾ ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ኪሴ ውስጥ ከረሜላ አይጠፋም ነበር።

እኔ ብቻ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በባሕር ዳር ካያቸው የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ የተቦረቦረ ጥርስ ነበረው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍኖተ ሰላም ላይ የታተመው ደግሞ ግማሽ የሚጠጉት ተማሪዎች ላይ አግኝቶታል።

ካላመመኝ ምን አስጨነቀኝ?

ጥርስ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ኢናሜል ነርቭ የለውም። ሲበላ አይሰማም።

መጀመሪያ የሚታየው ጠመኔ የመሰለ ነጭ ነጥብ ነው። ይህ ገና ቀዳዳ አይደለም። በዚህ ደረጃ ጥርስን በሚያጠነክረው ማዕድን፣ በፍሎራይድና በጥንቃቄ ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል። ከዚያ ቡናማ ይሆናል፣ ይቦረቦራል። ከኢናሜሉ ሥር ዴንቲን የሚባል ለስለስ ያለ ክፍል አለ። ጉዳቱ እዚያ ሲደርስ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጋል፣ ጣፋጭ ይጠዘጥዛል። ከዴንቲኑ ውስጥ ደግሞ ነርቭና የደም ሥር ያለበት ክፍል አለ። እዚያ ሲገባ ነው ሌሊት ጣሪያ የሚያስቆጥረው።

የኔ መንጋጋ በዚህ መንገድ ነው የሄደው። ቀዝቃዛ ሲወጋኝ በሌላኛው ጎን መጠጣት ጀመርኩ። አንድ ሳምንት ሌሊት ሌሊት ሲጠዘጥዘኝ ቻልኩት። «ጥርስ ነክሶ መቻል» ይባላል፤ የሚያመው ራሱ ጥርሱ ሲሆን ምን እንደሚነከስ እንጃ። ከዚያ በድንገት ተወኝ። ዳነ ብዬ ደስ አለኝ። ከወራት በኋላ ጉንጬ አብጦ ሄድኩ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራቱ አዞረና በእስክሪብቶው ጫፍ ከሥሩ በታች ያለችውን ጥቁር ክብ አሳየኝ። «ወንድሜ፣ ሕመሙ የቆመው ነርቩ ሞቶ ነው» አለኝ። ክቧ መግል ናት። አጥንቱን እየበላች ነበር።

ሕመም የመጀመሪያው ምልክት ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። በጥርስ ላይ ግን የመጨረሻው ላይ ነው የሚመጣው። ነጩ ነጥብ ላይ ብንደርስበት የጥርስ ሳሙና ይበቃል። ቡናማው ላይ ማስሞላት ነው። ነርቭ ከነካ የሥር ሕክምና ያስፈልጋል፤ ብዙ ምልልስና ብዙ ብር ነው። ከዚያ ያለፈው ይነቀላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ነው።

ድዴ ይደማል፤ መቦረሽ ልተው?

አትተዉ። ድድ የሚደማው በአብዛኛው ስለተቦረሸ ሳይሆን በደንብ ስላልተቦረሸ ነው።

ያ እርሾ ጥርሱ ላይ ብቻ አይቀርም። ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ ይከማቻል። ድዱ ይቆጣል፣ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ይደማል። በዚህ ደረጃ ከተያዘ ሙሉ በሙሉ ይድናል። በለስላሳ ብሩሽ ድዱን ጨምሮ በየቀኑ ማጽዳት ነው። በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ደሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ካልቀነሰ ሐኪም ይየው።

ሽፋኑ ሳይጸዳ ቢቆይ ከምራቅ በሚያገኘው ማዕድን ይደድራል። የጥርስ ድንጋይ የሚሆነው እንደዚያ ነው። ጀበና ውስጥ እንደሚጋገረው ነገር። ድንጋይ ከሆነ በኋላ ብሩሽም መፋቂያም አያነሳውም። ሐኪም ጋር ጥርስ ማሳጠብ የግድ ነው። ካልተነሳ ችግሩ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ጥርሱን የያዘው አጥንት ይሸረሸራል። በሽምግልና ምንም ቀዳዳ የሌለው ጥርስ እየተነቃነቀ የሚወልቀው በዚህ ነው። የጠፋ አጥንት በአብዛኛው አይመለስም።

«ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል» የሚሉ አሉ። የሚሆነው ይሄ ነው፤ ድንጋዩ ጥርሶቹን እንደ ሲሚንቶ አያይዟቸው ነበር። ሲነሳ ድሮውንም የነበረው ክፍተትና መላላት ይታያል። ድንጋዩን ለድጋፍ ማቆየት ግን የሚያፈርሰውን ምሰሶ ማድረግ ነው።

እርጉዝ ሴት ላይ ድድ ቶሎ ይደማል፤ ሆርሞኑ ነው። «በወለድኩ ቁጥር አንድ ጥርስ» የሚባለው ግን ግዴታ አይደለም። ፅንሱ ካልሲየም ከእናቱ ጥርስ ላይ አይወስድም። እርግዝና ላይ የሚበዛው ማስታወክ አሲድ ነው፣ ድዱም ተቆጥቷል፤ ጥርሱ የሚጎዳው በነዚህ ነው። ስኳር በሽታ ያለበት ሰውም ድዱን በቅርብ ይከታተል። ስኳሩ ከፍ ሲል ድዱ ይብሳል፣ ድዱ ሲቆጣ ስኳሩ አልመለስ ይላል። ሲጋራ ደግሞ መድማቱን ይደብቃል፤ ድዱ ደህና መስሎ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል።

ስለ ንቅሳቱ የሚጠይቁኝ አሉ። አያቶቻችን ድዳቸውን የተነቀሱት ለውበት ነው፤ ድድ ያጠነክራል የሚል እምነትም አለ። ቀለሙ ድድ አያጠነክርም። መርፌው ከአንዱ ወደ ሌላው ከተዘዋወረ ግን ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ያስተላልፋል። የተነቀሰ ድድ መቅላቱም ቶሎ አይታይም። ስለዚህ የተነቀሱ እናቶች የሚያዩት ምልክት ቀለሙ ሳይሆን ደሙና እብጠቱ ይሁን።

መፋቂያ ወይስ ብሩሽ?

በሁለቱም ይሆናል። ለጠላ ጋኑን ስናዘጋጅ በውሃ ብቻ አለቅልቀን አናስቀምጥም። በግራዋ ይታሻል፣ ከዚያ በወይራ ይታጠናል። ጋኑ ላይ የተጣበቀው በማለቅለቅ ስለማይለቅ ነው። አፍም እንደዚሁ ነው። መጉመጥመጥ ትርፍራፊ ያወጣል እንጂ እርሾውን አያነሳውም። መታሸት አለበት። የሚያሸው ወይራ ይሁን ናይለን ሁለተኛ ጉዳይ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅትም ልማዱ ባለባቸው አገሮች መፋቂያ እንዲበረታታ መክሯል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። መንገድ ላይ እየሄድን የምንፍቀው የፊት ጥርሳችንን ነው። ሰው የሚያየውን። ሲያወሩም አፍ ውስጥ እንደተሰካ ይቆያል እንጂ አይፍቅም። የሚቦረቦረው ደግሞ መንጋጋው ነው፤ ድንጋይ የሚሠራው ከታች የፊት ጥርሶች ጀርባ ላይ ነው። እነዚህ ሁለቱ ካልተፋቁ ነጭ ጥርስ ይዞ ሐኪም ቤት መመላለስ አለ።

እርጥብ እንጨት ይሻላል። ጫፉ በደንብ ይኘክ፣ ድድ እንዳይወጋ። ወደ ጎን ከመጋዝ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ መሳብ ነው። በየቀኑ የተጠቀሙበትን ጫፍ ቆርጦ አዲስ ማውጣት ነው። ብሩሽም ቢሆን ጠጉሩ ሲንጨፈረር፣ በየሦስት ወሩ ገደማ፣ ይቀየር። አንድ ብሩሽ ለቤተሰብ አይሆንም።

ከሰልና አመድ የሚጠቀሙ አሉ። ያነጣል፣ አይካድም። የሚያነጣው ግን እየፈገፈገ ነው። ብረት ድስት በአሸዋ እንደመፈግፈግ። ኢናሜል አንዴ ከሳሳ ሰውነት አዲስ አይሠራም።

መፋቂያ የማይሰጠን አንድ ነገር አለ። ፍሎራይድ።

ፍሎራይድ ምንድነው? ጥርስ ያበላሻል ሲሉ ሰምቻለሁ

ማጠንከሩም ማበላሸቱም እውነት ነው፤ መጠኑ ነው የሚለየው። ፍሎራይድ በውሃና በአፈር ውስጥ የሚገኝ ማዕድን ነው። ምራቅ ኢናሜሉን ሲጠግን ፍሎራይድ ካገኘ ጥገናው ከበፊቱ ይጠነክራል። አሲድ ቶሎ አያሟሟውም።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ በዝዋይና በሐዋሳ ዙሪያ፣ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል። የዓለም የጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል። ጥርስ ያበላሻል የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። የእኛ ደጋ ውሃ ግን በአብዛኛው ፍሎራይዱ ትንሽ ነው። ጎጃም ላይ የሚያስፈራን መብዛቱ ሳይሆን ማነሱ ነው። ስለዚህ ከሳሙናው ማግኘት አለብን።

ሱቅ ስትገቡ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ፤ ጀርባውን አዙሩት። ፍሎራይድ የሚል ይፈለግ። መጠኑ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ስንት እጅ ማለት ነው) ቢሆን ጥሩ ነው። «ከዕፅዋት የተሠራ» የሚሉት አንዳንዶቹ ፍሎራይድ የላቸውም። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል ትበቃለች። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ታህላለች። ማስታወቂያ ላይ ብሩሹን ሙሉ የሚሸፍኑት ለመሸጥ ነው።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ። አንዱን ብቻ መምረጥ ካለብን የማታው ይበልጣል። ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳል፣ እርሾው ሌሊቱን ብቻውን ያገኘዋል። ከቦረሻችሁ በኋላ ትፉት እንጂ በውሃ ደጋግማችሁ አትጉመጥመጡ፤ ፍሎራይዱ አብሮ ይሄዳል። ለስላሳ ወይም ሎሚ ከጠጡ በኋላ ደግሞ ወዲያው አይቦረሽም። ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ኢናሜሉ ለጊዜው ለስልሷል።

በጾም «ውሃ ይዋጣል» ብለው ጠዋት የማይቦርሹ አሉ። ያ የንስሐ አባት ጉዳይ ነው። ማታ ከእራት በኋላ መቦረሽን የሚከለክል ጾም ግን ሰምቼ አላውቅም።

የወተት ጥርስ ለሚወድቅ ነገር ምን አለፋን?

የወተት ጥርስ 20 ነው። በስድስት ወር ገደማ መብቀል ይጀምራል፣ በስድስት ዓመት ገደማ መውደቅ ይጀምራል። እስከዚያ ቦታ ጠባቂ ነው። ያለጊዜው ከተነቀለ የጎኖቹ ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ይገፋሉ፤ ቋሚው ሲመጣ ቦታ ያጣል። አፉ ያመመው ልጅ ደግሞ አይበላም፣ አይተኛም።

ወላጅ የሚሳሳትበት አንድ ጥርስ አለ። በስድስት ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶቹ ጀርባ አንድ መንጋጋ ይወጣል። ምንም ጥርስ ሳይወድቅ ስለሚመጣ የወተት ይመስላል። ቋሚ ነው። ቶሎ የሚቦረቦረውም እሱ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ካላችሁ ዛሬ ማታ አፉን አስከፍታችሁ እስከ ኋላ ድረስ እዩ። ራሱ በደንብ መቦረሽ የሚችለው ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆነው ነው። እስከዚያ ትልቅ ሰው ይጨርስለት።

ከዚህ የሚከፋው ግግ ማስወጣት ነው። ሕፃኑ ሲያተኩሰው፣ ሲያስቀምጠው፣ ሲያስመልሰው ድዱ ውስጥ ነጣ ያለ እብጠት ይታያል። «ግግ ነው» ተብሎ በስለት ወይም በወስፌ ይወጣል። የሚወጣው በሽታ አይደለም። ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው። ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ሕፃኑ ደም ይፈሰዋል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል። ትኩሳቱና ተቅማጡ ደግሞ እዚያው አለ፤ መንስኤው ሌላ ነበርና። ለሚያስቀምጠው ሕፃን ጡትና ኦ አር ኤስ ነው የሚያስፈልገው። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መንገር ነው።

በጣም የከሳ ወይም ኩፍኝ ይዞት የነበረ ልጅ ድዱ ቆስሎ አፉ ክፉኛ ቢሸት፣ ጉንጩም ቢያብጥ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይድረስ። ኖማ የሚባል ፊትን የሚበላ በሽታ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ችላ ከተባሉት የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መዝገብ ያስገባው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተደረሰበት በፀረ ባክቴሪያና በምግብ ይድናል። ከዘገየ ፊት ያጠፋል፣ ይገድላልም።

አሁን ቢያመኝስ?

ቅርንፉድ ይሠራል። ውስጡ ያለው ዘይት የሚያደነዝዝ ነገር አለው፤ የጥርስ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። ለጥቂት ሰዓት ያሳርፋል፣ ቀዳዳውን ግን አይደፍንም። ለብ ያለ የጨው ውሃም ጥሩ ነው። ፓራሲታሞል በልኩ ይወሰድ። አስፕሪን ፈጭቶ ድድ ላይ ማድረግ ግን ሥጋውን ይልጠዋል። ነጭ ሽንኩርት አስሮ ማደርም እንደዚሁ። አረቄ ይዞ መቆየት ሰውየውን ያደነዝዘው እንደሆን እንጂ ጥርሱን አያክመውም።

ፋርማሲ ገብቶ አሞክሳሲሊን መግዛትም ለምዶብናል። ነርቩ የሞተ ጥርስ ውስጥ ደም አይዘዋወርም። መድኃኒቱ በደም ስለሆነ የሚሄደው ምንጩ ጋ አይደርስም። እብጠቱን ያስታግሳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል።

እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ፣ አፍ መክፈት ካስቸገረ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደ፣ ዓይን ሥር ከወጣ ግን የጥርስ ክሊኒክ ተራ አይጠበቅም። በቀጥታ ሆስፒታል፣ በሌሊትም ቢሆን። ሰው በጥርስ አይሞትም የሚባለው ስህተት ነው።

ከተነቀለ በኋላ ጋዙን ግማሽ ሰዓት ያህል ነክሶ መቆየት ነው። ቀኑን ትኩስ ነገር፣ አረቄና ሲጋራ የለም። ደጋግሞ መትፋትም የለም። ቀዳዳው ውስጥ የረጋው ደም ለቁስሉ እንደ ልብስ ነው። እሱ ከወጣ አጥንቱ ይራቆትና ከጥርሱ የባሰ ያማል። የጨው ውሃው በማግስቱ ይጀመራል።

ጥርስ ወድቆ ቢወልቅስ?

ልጅ ከዛፍ ይወድቃል። ኳስ ላይ በክርን ይመታል። የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ይወልቃል። ቋሚ ጥርስ ከሆነ አትጣሉት፤ ሊተከል ይችላል። በሥሩ አትያዙት፣ በላይኛው በኩል ያዙት። ከቆሸሸ በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ ማድረግ ብቻ፣ አይፈተግም። ከተቻለ እዚያው ቦታው ላይ መልሶ ንጹሕ ጨርቅ ማስነከስ ነው። ካልተቻለ ያልረጋ ወተት ውስጥ ይገባና ወደ ጥርስ ሐኪም መሮጥ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቢደርስ ተስፋው ትልቅ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ በጣም ይቀንሳል። በጨርቅ ወይም በሶፍት ጠቅልሎ ኪስ ውስጥ ከደረቀ ግን አለቀ።

የወተት ጥርስ ከሆነ መልሶ አይተከልም። እሱን እንደ ልማዳችን ጣሪያ ላይ ወርውሮ አዲስ መለመን ይቻላል።